ዋስ ጥራ፦ ከመንገድ ዳኛ እስከ ጊዜ ቀጠሮ ችሎት

በአጤ ምኒልክ ዘመን አንድ ባላገር ባላጋራውን ገበያ መሐል ቢያገኘው ነጠላውን ጨምድዶ ይይዝና «በምኒልክ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል። ይህ ቃል ከተጠራበት በኋላ ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ የሄደ እንደሆነ ጠቡ ከባላጋራው አልፎ ከንጉሡ ጋር ይሆናል። ቀጥሎ የሚፈለገው ዳኛ ነው። ዳኛው የግድ የተሾመ ባለወንበር መሆን አልነበረበትም። በዚያ በኩል የሚያልፍ ደህና ሰው ተለምኖ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ የመንገድ ዳኛ ይሉታል። ነገሩ ከበድ ያለ ሆኖ ወደ ሹም የሚያስኬድ ከሆነ ግን ተከራካሪዎቹ ከመለያየታቸው በፊት አንድ ትእዛዝ ይሰማሉ፦ «ዋስ ጥራ!»

ዛሬ በፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ተጠርጣሪ በአሥር ሺህ ብር ዋስ ይለቀቅ ሲባል የምንሰማው ቃል ከዚያ ዛፍ ሥር የመጣ ነው። አሠራሩ ግን ብዙ ተለውጧል። በተለይ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ያኔ ዳኛው የሚጠይቀው «ማን ያውቅሃል?» ብሎ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው የሚጠየቀው የተከሰስክበት አንቀጽ ስንት ነው፣ ስንት ብር ታስይዛለህ የሚለው ነው። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ መከተል የአገራችንን የፍትሕ ታሪክ ግማሽ ያህል መከተል ይመስለኛል።

የድሮው ዋስ ሥራው ከባድ ነበር። እስር ቤት በየቦታው በሌለበት፣ ፖሊስ የሚባል ኃይል ባልተቋቋመበት አገር መንግሥት ሰውን የሚያገኘው በሰው በኩል ነው። ዋሱ በቀጠሮው ቀን ሰውየውን አቀርባለሁ ብሎ ራሱን ያሲዛል። ሰውየው ከጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው፤ የሚከፍለውም እሱ ነው። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ ዋስ አይሆንም፣ ማንም የመጣ ሰው ዋስ ተብሎ አይቀበሉትም። ርስት አለው ወይ፣ ከብት አለው ወይ፣ አገሩ የት ነው፣ የማን ልጅ ነው ተብሎ ይመረመራል። ባላጋራው ካልወደደው «ይህን ዋስ አልቀበልም» ሊል ይችላል፣ ክርክሩም በዋሱ ላይ ይሆናል።

ዋስ አንድ ብቻም አልነበረም። በሙግቱ መሐል ተከራካሪዎቹ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። «ይህን ባላስመሰክር በቅሎ» ያለ ሰው ለበቅሎው ሌላ ዋስ ይጠራል። እሰጥ አገባው እየተጋጋለ በሄደ ቁጥር የዋሱም ቁጥር ይጨምራል፤ ውርርዱ ለተረታው ወጪ፣ ለዳኛው ደግሞ ገቢ ነበርና ዳኞቹ ማጋጋሉን አይጠሉትም። ለመቅረብ ዋስ፣ ለውርርድ ዋስ፣ ከተረታም ለዕዳው ዋስ። አንድ ሙግት ሲያልቅ ግማሽ መንደር በግዴታ ተያይዞ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ነው ሽማግሌዎች ነገር ከመካረሩ በፊት ለማስታረቅ የሚሯሯጡት፤ ራሳቸው ዋስ ሆነው ታስረዋላ።

ዋስ ያጣስ? ዋስ ያጣ ሰው ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል። የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል፤ ቀለል ባለ ነገር የነጠላቸው ጫፍ ይቋጠራል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ካነሷቸው ፎቶግራፎች መካከል ባለዕዳና ባለገንዘብ ተቆራኝተው ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚያሳዩ አሉ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። ቁራኛ ውርደት ነበር፣ ጭካኔም ነበረበት። ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ ነበረው፦ ማሰሩ ለአሳሪውም ዋጋ ያስከፍለዋል። ከሳሹ ራሱ የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ስለሚሸከም ነገሩ ቶሎ እንዲቆረጥለት ይፈልጋል፣ ዋስ ሲመጣም ለመቀበል ይለሳለሳል። ሰውን ያለ ፍርድ ማቆየት ለሚያቆየው ምንም የማያስከፍል ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከኋለኛው ታሪካችን አይተናል።

በነፍስ ነገር መንገዱ ሌላ ነበር። ገዳይ የሟች ወገን እጅ እንዳይገባ ይሸሻል ወይም ደብር ይገባል፤ የሟች ወገን ደም ይፈልጋል። እርቅ ሲወርድ ግን ዋስ እዚህም ይመጣል። የሁለቱም ወገን ሰዎች ከእንግዲህ ደም እንዳንፈላለግ ብለው ዋስ ይጠራሉ፤ ዋሶቹ የሚመረጡት ከተከበሩት ሽማግሌዎች ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አለ። ፍርድ ቤት ፈርዶ እስረኛው ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ እንኳ፣ ያለዚህ እርቅና ያለዚህ ዋስ ወደ ቀዬው የማይመለስ ብዙ ሰው ነው።

ከዚህ ወደ ጽሑፍ ሕግ የተደረገው ሽግግር ረጅም ጊዜ ወስዷል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አቋም በአዋጅ ተደነገገ፤ ፖሊሱም ወህኒ ቤቱም እየተስፋፋ መጣ። እንግዲህ መንግሥት ሰውን በራሱ እጅ መያዝ ቻለ ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ አለ። ይህች የ48 ሰዓት ደንብ መንግሥታት ሲወድቁና ሲነሡ ሳትለወጥ የቆየች ናት፤ ዛሬም የምንሠራው በእሷ ነው።

የዋስትናው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ ያረቀቁት የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ፤ የሥነ ሥርዓቱ ረቂቅ ግን የመጨረሻ መልኩን የያዘው በእንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው እጅ ነው። ሰውየው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በዳኝነት ያገለገሉ ስለነበሩ ሕጉ የእንግሊዞችን የህንድና የማላያ ሥርዓት ይከተላል። እንግዲህ የእኛ ዋስ፣ ባለርስቱና ባለከብቱ ዋስ፣ ከዚህ ከሩቅ ከመጣ ሥርዓት ጋር በአንድ ሕግ ውስጥ ተገናኘ።

ሕጉ ምን ይላል? አንቀጽ 63 የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በማያስቀጣ ወንጀል የተያዘ፣ ተበዳዩም ይሞታል ተብሎ የማይፈራ ከሆነ፣ ሰውየው በዋስ ሊለቀቅ ይችላል ይላል። አንቀጽ 67 ደግሞ ዳኛው ዋስትና የሚነፍግባቸውን ምክንያቶች ይቆጥራል፤ የግዴታውን ቃል የማያከብር መስሎ ሲታይ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ሲገመት፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲሠጋ። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የገንዘቡ ልክ ሲወሰን የወንጀሉ ክብደት፣ የመቅረቡ ተስፋ፣ ለጸጥታ ያለው ሥጋትና የተከሳሹም የዋሶቹም አቅም ይታያል።

የዋሶቹ አቅም የሚለውን ልብ በሉ። ሕጉ ያን ጊዜ ዋስ ማለት ሰው እንደሆነ አልረሳም ነበር።

በተግባር ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ተጠርጣሪው በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ይቀርባል። መርማሪ ፖሊሱ ቃል ያልተቀበልኳቸው ምስክሮች አሉ፣ የሚመጣ ማስረጃ አለ ብሎ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል፤ ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል፣ ስንት ጊዜ ይሰጣል የሚለውን ግን አልገደበም። ተጠርጣሪው ዋስትና ይጠይቃል። ዳኛው ከፈቀዱ የቤተሰብ ሩጫ ይጀመራል። ገንዘብ ያለው በፍርድ ቤቱ በኩል አስይዞ ደረሰኙን ያመጣል። ገንዘብ የሌለው ንብረት ይፈልጋል፤ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ያለው ዘመድ ይፈለጋል፣ ንብረቱ በዋስትና ላይ ስለመሆኑ ደብዳቤ ተጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ይሄዳል፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ያ ንብረት አይሸጥም አይለወጥም። ሁለቱም የሌለው የመንግሥት ሠራተኛ ይለምናል። ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙ ይህን ያህል ነው፣ በቋሚነት ተቀጥሮ ይሠራል፣ ለሌላ ሰው ዋስ አልሆነም የሚል ደብዳቤ አጽፎ ማኅተም አስመትቶ ይመጣል። ደብዳቤው አንድ ቃል ከጎደለው ሬጅስትራሩ ይመልሰዋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተመለሰ ደብዳቤ ማለት እስረኛው ቅዳሜንና እሑድን እዚያው ያድራል ማለት ነው። ወረቀቱ ሁሉ ከተሟላ የመፍቻ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ትእዛዙ እስር ቤት ደርሶ ሰውየው ይወጣል።

የደመወዝ ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ሠራተኛው ለዓመት፣ ለሁለት ዓመት፣ ሙግቱ እስኪቋጭ ደመወዙን በሰው እግር ላይ አስሮ ይኖራል። ተከሳሹ ከቀረ ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፣ ዋሱም ይከፍላል። ይህን እያወቀ የሚፈርም ሰው ዛሬም አለ፤ ለጎረቤቱ ልጅ፣ ለአገሩ ሰው፣ ለዕድሩ አባል። የድሮው ዋስ በሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን ደግሞ ዋስን ከፍርድ ቤት ውጭም ታውቀዋለች፦ ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ተያዥ ይጠየቃል፣ ደላላ ያመጣት የቤት ሠራተኛ ተያዥ ትጠየቃለች። ተያዥ ያጣች ልጅ ሥራ አታገኝም። ይኸው ተያዥ ማጣት አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ብትገባ ይከተላታል፤ ከገጠር ትናንት የመጣ፣ ጎዳና የሚያድር፣ ሰው የሌለው ሁሉ ቀላል በሆነ ነገር ተይዞ የሚከርመው ወንጀሉ ከብዶ አይደለም። የሚፈርምለት ጠፍቶ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ስለ ደርግ ዘመን በዋስትና በኩል ብዙ የሚባል የለም፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ የገደለ ሥርዓት ለታሰረ ሰው ዋስ ጥራ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። የ1954ቱ ሕግ ለተራው ወንጀል ሲሠራበት፣ ፖለቲካ ነክ የሆነው ሁሉ ከሕጉ ውጭ ታሰረ።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ነገሩን ወደ መብት አሳደገው። የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት አላቸው፤ ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል የሚችለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ግን በውስጡ አንድ ጥያቄ ነበረ። ሕግ ልዩ ሁኔታውን ይዘረዝራል፣ ዳኛው ደግሞ ሁኔታው በዚህ ሰው ላይ መኖሩን አይቶ ይወስናል ማለት ነው? ወይስ ሕግ ራሱ የዚህ ዓይነት ወንጀል ተጠርጣሪ ዋስትና የለውም ብሎ ዳኛውን ከነገሩ ማውጣት ይችላል?

መልሱ በ1993 ዓ.ም. መጣ፤ የመጣበት መንገድም በኢትዮጵያ የፍርድ ታሪክ የማይረሳ ነው። በገዢው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ተነሥቶ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የያዙት ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ሁለቱን ወገን ሰምተው አቶ ስዬ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። በትእዛዙ የተለቀቁት ሰው ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። በቀናት ውስጥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አጸደቀ፤ በሙስና ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ዋስትና የለውም የሚል ነው። አቶ ስዬ ለዓመታት ታስረው ቆዩ። ዳኛዋ ከችሎት ወጥተው ፖለቲካ ውስጥ ገቡ፣ በተራቸው ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው ስለ ዳኛዋ ድፍረት ነው፤ ይገባቸዋልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አዋጁ ለዋስትና ያደረገው ነገር ነው። የአንድ ሰው ጉዳይ በችሎት ላይ እያለ፣ በዚያ ሰው ላይ የተሰጠን ትእዛዝ የሚሽር ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ ቁጥር 384 ቦዘኔ ተብሎ የተያዘን ሰው ዋስትና ነፈገው፤ ቦዘኔ ማለት ብዙውን ጊዜ ያው ዋስ የሚሆነው ሰው የሌለው የከተማ ወጣት ነው። የሙስናው ሕግ በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 434 ላላ ተደርጎ ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣው ላይ ተወሰነ። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 መጣ፤ በምርመራ ላይ ያለ ተጠርጣሪ እስከ አራት ወር የሚቆይበትን፣ ክስ ከቀረበበት በኋላም ነገሩ ተሰምቶ እስኪወሰን በእስር የሚቆይበትን መንገድ አበጀ። በዚያ አዋጅ የተከሰሱ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች በነፃ ሲለቀቁ እንኳ የታሰሩበትን ዓመት የሚመልስላቸው አልነበረም። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ።

የእነዚህ ሕጎች ሁሉ የጋራ ጠባይ አንድ ነው፤ ሰውየውን አያዩም፣ አንቀጹን ያያሉ። አንቀጹን የሚመርጠው ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ነው። አንድ ዓይነት ድርጊት በአንዱ አንቀጽ ዋስትና የሚያሰጥ፣ በሌላው የሚያስከለክል ሲሆን የተጠርጣሪው ነፃነት ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት በክስ ማመልከቻው ላይ ይወሰናል። ጠበቆቻችን ከዳኛ ጋር የሚከራከሩት ስለ ደንበኛቸው ጠባይ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አድራሻው መሆን ሲገባው የክሱ አንቀጽ ይለወጥልን በማለት ጊዜያቸው ያልቃል። የአንቀጽ 63 ሁለት ሐሳቦች፣ የ15 ዓመቱና የተበዳዩ መሞት፣ ሁለቱም ሲሟሉ ነው የሚከለክሉት ወይስ አንዱ ይበቃል በሚለው ላይ የተደረገው ክርክርም ከዚሁ የመጣ ነው። በድብደባ ከተያዘ ሰው ቤተሰብ ጋር ሆስፒታል ደጅ የቆመ ያውቀዋል፦ የተጎዳው ሰው ከአደጋ ወጥቷል የምትል አንዲት የሐኪም ወረቀት ለማግኘት እናት ከዶክተር ዶክተር ትለምናለች። የልጇን ባላጋራ ነፍስ ከራሱ እናት እኩል የምትጸልይለት ያኔ ነው።

ገንዘቡም እንደዚሁ ሰውን ማየት ተወ። ሕጉ የተከሳሹ አቅም ይታይ ቢልም ለቀን ሠራተኛና ለነጋዴ ተመሳሳይ ብር ሲወሰን እንሰማለን። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የዚህን መንገድ መጨረሻ በቅርብ ያዩታል። እዚያ ዋስትና ንግድ ሆኗል፤ በፍርድ ቤትና በእስር ቤት አካባቢ ቢሮ ከፍቶ የሚጠብቅ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ከተወሰነው ገንዘብ አሥር በመቶውን ተቀብሎ ለቀሪው ይዋሳል። ተከሳሹ ቢቀርብም፣ በነፃ ቢለቀቅም ያ አሥር በመቶ አይመለስም። ቨርጂኒያ ውስጥ የተያዘ የአገራችን ልጅ ይህን ይከፍላል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ቢያዝ ግን ገንዘብ ስለሌለው ብቻ አይታሰርም፣ የከተማዋ ሕግ ይከለክላልና፤ ፍርድ ቤቱ ሰውየውን አጥንቶ ወይ ይለቀዋል ወይ አደገኛ ነው ብሎ በምክንያት ያቆየዋል። ኢሊኖይ የምትባለው ግዛትም በመስከረም 2016 ዓ.ም. የገንዘብ ዋስትናን ጨርሳ አስቀርታለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ንግድ የለም፤ የሚመጣ ከሆነ ግን በሩን የሚከፍትለት ከአቅም በላይ የሆነ የዋስትና ብር ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ዳኛው ፈቅደው፣ ገንዘቡ ተይዞ፣ የመፍቻው ትእዛዝ ተጽፎ ሰውየው ሳይወጣ ሲቀር ነው። ፖሊስ ሌላ ክስ አለው ይላል፣ ወይም ሌላ ጣቢያ በር ላይ ይጠብቀዋል። በ1993 ዓ.ም. በአንድ ታዋቂ ሰው ላይ ሲሆን አገር የተነጋገረበት ነገር ዛሬ ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች ላይ ሲደርስ ዜና አይሆንም። ዋሱ ቃሉን ጠብቋል፣ ደመወዙን አስይዟል፤ ቃሉን ያልጠበቀው ሌላው ወገን ነው።  የፍርድ ቤትን ትእዛዝ ያልፈጸመ ኃላፊ በስሙ ተጠርቶ ችሎት ፊት መቆም አለበት፤ ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፣ ያሉትን ሕጎች የሚጠቀም ዳኛ ይበቃል።

ሌላም ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ነገር እዚያው በ1954ቱ ሕግ ውስጥ ተቀምጧል። አንቀጽ 28 ወንጀሉ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ወይም መፈጸሙ ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ መርማሪው ፖሊስ ተጠርጣሪውን በዋስ፣ ሲያስፈልግም ያለ ዋስ፣ ግዴታ አስፈርሞ ሊለቀው ይችላል ይላል። በየጣቢያው የመታወቂያ ዋስ የምንለው ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው፤ አንድ የሰፈር ሰው መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ብር የለም፣ ካርታ የለም፣ የደመወዝ ደብዳቤ የለም። በሰፈር ጠብ፣ በስድብ፣ በቀላል ስርቆት የተያዘው ሰው ብዛት ሲታይ፣ ጣቢያዎች ይህን አንቀጽ ሳያወላውሉ ቢሠሩበት የጊዜ ቀጠሮ ችሎቱ ወረፋ ወዲያውኑ ይቀንሳል፤ ዳኞቹም ከባዱን ጉዳይ ይዞ የቀረበውን ተጠርጣሪ አረጋግተው የሚሰሙበት ጊዜ ያገኛሉ።